ከሚጣል ካርቶን ውስጥ

ዛሬ ጠዋት ሊጣል ከነበረ ካርቶን ውስጥ አንድ ማኑዋል አወጣሁ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ኮምፒውተር ቴክኒካል ማኑዋል ነው። ሽፋኑ አቧራ ጠጥቷል፣ ጠርዙን እርጥበት ነክቶታል። ገጾቹን የያዙት ሦስት ቀለበቶች ግን አሁንም ይከፈታሉ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ምንም ሳልቆርጥ ገጽ በገጽ ስካን ማድረግ እችላለሁ ማለት ነው።

እዚህ ውስጥ የማሽኑ የሰርኪት ንድፍ አለ። ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም፣ የባዮሱ ኮድም ከነማብራሪያው መስመር በመስመር ታትሟል። ዛሬ ለምንገዛው ላፕቶፕ ይህን ማን ያሳየናል? ቦርዱ የተበላሸበት ሰው የትኛው የቺፕ እግር ከየት ጋር እንደሚገናኝ የሚያየው ከዚህ ነው።

ስካኑን በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ጀመርኩ። ንድፉ ላይ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ተጣብቀው አንድ መሰሉ። ወደ 600 ከፍ ሳደርገው ተለያዩ። በቃ፣ ሁሉንም እንደ አዲስ። ፋይሉንም በጄፔግ ሳይሆን ቲፍ በሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት አስቀመጥኩት። ጄፔግ የፊደላትን ጠርዝ ያደበዝዛል። ኮዱ ውስጥ ደግሞ 8 ቁጥርና የእንግሊዝኛው ቢ ከተምታቱ አለቀ፣ ፕሮግራሙ ሌላ ሆነ ማለት ነው።

አንዱ ንድፍ ላይ፣ ከአንድ ቺፕ አጠገብ፣ የሆነ ሰው በእርሳስ 4.9 ብሎ ጽፏል። ቮልቴጅ ለክቶ መሆን አለበት። ማን ይሆን? ማሽኑስ ተነስቶለት ይሆን? ላጲስ አላስነካሁትም፤ ከነጽሑፉ ስካን አደረግኩት።

ንድፎቹ አልቀዋል። ነገ ከባዮሱ እቀጥላለሁ።