ሲስተር ሮዜታ ታርፕን ማን ይጥራልን?

ሮክ ኤንድ ሮል የሚባለው የአሜሪካ ሙዚቃ ሲነሳ ሁሉም ኤልቪስን ይጠራል። ትንሽ ጠለቅ ያለው ቸክ ቤሪንና ሊትል ሪቻርድን ይጨምራል። እኔ ግን መጀመሪያ መጠራት ያለባት አሜሪካዊቷ ዘማሪና ጊታር ተጫዋች ሲስተር ሮዜታ ታርፕ ናት ባይ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ1915 አርካንሶ ውስጥ ኮተን ፕላንት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። እናቷ ማንዶሊን የሚባለውን ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ እየመታች የምትሰብክ ጴንጤ ነበረች፤ ልጅቷም ገና በጨቅላነቷ ጊታር አንስታ ከእናቷ ጋር ከከተማ ከተማ እየዞረች ዘመረች። ያ ሰውን ከመቀመጫው የሚያስነሳ ምት ከጭፈራ ቤት የመጣ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ከቤተክርስቲያን ነው የመጣው።

በ1938 ኒውዮርክ ላይ ለዴካ የሙዚቃ ኩባንያ መዝሙር ቀረጸች፣ በዚያው ዓመት ኮተን ክለብ መድረክ ላይ ወጣች። አስቡት፣ መጠጥ በሚቀዳበት ምሽት ክበብ የጌታን ስም ይዛ! ብዙ ምዕመናን አዘኑባት። እሷ ግን መዝሙሩንም መድረኩንም አልተወችም።

በ1944 የቀረጸችው «ስትሬንጅ ቲንግስ ሃፕኒንግ ኤቭሪ ዴይ» በቀጣዩ ዓመት በጥቁሮች ሙዚቃ ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ደረሰ። የመጀመሪያው የሮክ ኤንድ ሮል ሥራ ይህ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። በ1947 ደግሞ ጆርጂያ፣ ሜከን ከተማ ላይ ከኮንሰርቷ በፊት አንድ የ14 ዓመት ልጅ ዘፈነላት። ወደደችው፣ መድረክ ላይ አወጣችው፣ ገንዘብም ከፈለችው። ልጁ ሊትል ሪቻርድ ነበር።

ካላያችሁ በ1964 እንግሊዝ፣ ማንችስተር ላይ ስትጫወት የተቀረጸውን ቪዲዮ ፈልጉና እዩ። ቦታው አገልግሎት ያቆመ ባቡር ጣቢያ ነው። ሕዝቡ በአንዱ ወገን ተቀምጧል፣ እሷ ከሐዲዱ ማዶ ካፖርቷን እንደለበሰች ቆማለች። ዝናብ ስለነበረ ስለ ኖኅ ዘመን ዝናብ በሚያወራው መዝሙር ጀመረች። ከዚያ ኤሌክትሪክ ጊታሩን ይዛ ብቻዋን ስትገባበት፣ በቃ፣ በኋላ የመጡት ወንዶች ሁሉ ከማን እንደተማሩ ይገባችኋል። 49 ዓመቷ ነበር።

በ1973 ፊላደልፊያ ውስጥ አረፈች። መቃብሯ ላይ ስሟ የተጻፈበት ድንጋይ እንኳ ሳይቆም ከ30 ዓመት በላይ ቆየ። የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ኤልቪስን፣ ቸክ ቤሪንና ሊትል ሪቻርድን በ1986 በመጀመሪያው ዙር አስገባቸው። እሷን በ2018! ያውም በዋናው ዘርፍ ሳይሆን በ«ቀደምት ተጽዕኖ ፈጣሪዎች» ተርታ ነው ያስገቧት። እኔ ይሄ አይዋጥልኝም።