ሁለት አውራ ጣት

በጣቱ ጊታር የሚመታ ሰው ብቻውን መሥራት የለመደ ነው። አውራ ጣቱ ቤዙን (የታችኛውን ወፍራም ድምፅ) ይዞ ይሄዳል፣ ሌባ ጣቱና የመሃል ጣቱ ኮርዱን (አብረው የሚሰሙ ኖታዎችን) ይነካሉ፣ የቀለበት ጣቱ ከላይ ሜሎዲውን ያወጣል። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች ጃዝ ሊጫወቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ታዲያ ሁሉም ነገር እጥፍ ይሆንና ድምፁ ይደፈርሳል።

የሚደፈርሰው ከታች ነው። ክፍቱ፣ ማለትም ግራ እጅ ያልያዘው፣ ስድስተኛ ክር (ከሁሉም ወፍራሙ) 82 ኸርዝ ገደማ ነው፣ በሰከንድ ያን ያህል ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ አምስተኛው 110። እዚያ ሰፈር ሁለት ኖታዎች ተቀራርበው ሲመቱ ጆሮ አይለያቸውም፤ ጉርምርምታ ብቻ ይሰማል። ያው ርቀት ሁለተኛና ሦስተኛ ክር ላይ ጥርት ብሎ ይወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ውል፦ በአንድ ጊዜ አምስተኛና ስድስተኛ ክር ላይ የሚወርደው አንድ አውራ ጣት ብቻ ነው። ሶሎ የሚጫወተው፣ ማለትም ሌላው ሲያጅበው ከላይ ዜማውን የሚያወጣው፣ ሰው አውራ ጣት ሥራ ፈቶ ይቀመጥ። ይህን መናገር ቀላል ነው፤ ዓመታት የሠለጠነ ጣት ግን ሳያዙት ይወርዳል። እኔ የማውቀው መላ ጣቱን ስድስተኛው ክር ላይ አሳርፎ መተው ነው። ሌላም ጥቅም አለው፦ አጠገብ ያለው ጊታር ሲመታ የእኛ ክፍት ክሮች ማንም ሳይነካቸው አብረው ይንቀጠቀጣሉ፤ ያረፈው ጣት ከእነሱ ወፍራሙን ዝም ያሰኘዋል።

አጃቢው ደግሞ ስድስት ክር ሙሉ ኮርድ መያዙን ይርሳ። ሦስት ኖታ ይበቃል፦ መነሻው፣ ከእሱ ሲቆጠር ሦስተኛውና ሰባተኛው። ለምሳሌ ዲ ማይነር ሰባት፦ አምስተኛ ክር 5ኛ ፍሬት (ፍሬት የጊታሩን አንገት የሚከፍለው የብረት መስመር ነው)፣ አራተኛ ክር 3ኛ፣ ሦስተኛ ክር 5ኛ። ወደ ጂ ሰባት ሲሄድ ቤዙ ወደ ስድስተኛ ክር 3ኛ ፍሬት ይወርዳል፣ አራተኛ ክር ባለበት ይቆያል፣ ሦስተኛው ክር ከ5 ወደ 4 ብቻ ይንሸራተታል። ወደ ሲ ሜጀር ሰባት ሲገባ ተራው የአራተኛው ክር ነው፤ ከ3 ወደ 2 ይላል፣ ሦስተኛው ይቆያል፣ ቤዙ አምስተኛ ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ያርፋል። በየለውጡ ከላይ የሚነቃነቀው አንድ ጣት ነው፣ እሱም ለአንድ ፍሬት። አምስተኛው ኖታ ቢቀር ማንም አይናፍቀውም። ዘጠነኛውና አሥራ ሦስተኛው ለሶሎው ይተዉለት፤ አጃቢው አስቀድሞ ከያዘበት ሜሎዲው የሚረግጠው ቦታ ያጣል።

በ1928 እና በ1929 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያኑ ጊታር ተጫዋቾች ኤዲ ላንግና ሎኒ ጆንሰን አብረው የቀረጿቸውን ሁለት ጊታሮች ያዳመጠ ይህን ይሰማዋል። ላንግ ኮርዱንና ቤዙን ይዞ መሬቱን ሲያነጥፍ ጆንሰን በነጠላ ኖታ ከላይ ይሮጣል። የሥራ ክፍፍሉ ያኔ የተፈታ ጉዳይ ነበር።

ቤዙ በየምቱ ሲራመድ፣ በአራት ምት ባር አራት ኖታ ማለት ነው፣ ኮርዱ ከሁለተኛውና ከአራተኛው ምት ቀጥሎ ባለችው ግማሽ ላይ አጭር ሆኖ ይገባል። የሚያሳጥረው ግራ እጅ ነው፤ ጣቶቹ ከክሩ ሳይነሱ ጫናው ብቻ ይላላል። እዚህ ላይ የሚመጣው ጣጣ መፍጠን ነው። ከበሮ የለም፣ ኮርዱ ከምት ውጭ ስለሆነ እጅ ይቸኩላል፣ ሌላው ደግሞ ይከተላል። በደቂቃ 120 ምት የሚጫወቱ ከሆነ ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) 60 ላይ አድርገው ቃጭሉን ሁለተኛና አራተኛ ምት ብለው ይቁጠሩት። መጀመሪያ ያናድዳል። ይሁን።

ስዊንጉም፣ ማለትም ምቱን ረዥምና አጭር አድርጎ ለሁለት መክፈሉ፣ መመሳሰል አለበት። በመካከለኛ ፍጥነት የመጀመሪያው ስምንተኛ ኖታ (የምቱ አንዱ ክፍል) ከሁለተኛው እጥፍ ያህል ይረዝማል፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ወደ እኩል ይጠጋል። አንዱ ረዝሞ ሌላው እኩል አድርጎ ከመታው እግር እንደጠለፈው ሰው ይሰማሉ። ዋናውን ዜማ በኦክታቭ (ያው ኖታ ከፍና ዝቅ ብሎ) ተራርቆ አብሮ መጫወት ከማናቸውም ንግግር በተሻለ ያስማማል።

መቃኘት ላይ ስስት አያስፈልግም። ሁለቱም በአንድ ቱነር (መቃኛ መሣሪያ)፣ 440 ኸርዝ ላይ። አምስት ሴንት (የአንድ ፍሬት ርቀት አምስት መቶኛ) ልዩነት ብቻውን ለሚጫወት ሰው ምንም አይደለም፤ አንደኛ ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ሁለቱ ያንኑ ኖታ ሲመቱ ግን በሰከንድ ከአንድ ጊዜ በላይ ሲወዛወዝ ይሰማል። አንደኛው ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንገቱ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) 5ኛ ፍሬት ላይ ካሰረ እንደገና ይቃኝ፤ ካፖ ክሩን ስለሚወጥር ድምፁ ከፍ ይላል። ካፖው የጂን ቅርፆች ወደ ሲ ያመጣል፣ የጊታሩን ዝቅተኛ ድምፅም 110 ላይ ያቆመዋል፣ ስለዚህ ያ አውራ ጣት ቢወርድም ጥፋቱ ያንሳል። ለጀማሪ ጥንድ ጥሩ ነው። ቆይቶ ግን ያስራል፣ ቁልፍ እየቀያየረ በሚሄድ ዘፈን በተለይ።

ድምፀታቸው ከተመሳሰለ አንዱ ወደ ብሪጁ (ክሮቹ በሳጥኑ ላይ ወደሚያርፉበት) ተጠግቶ፣ ሌላው ወደ አንገቱ ሸሽቶ ይምታ። አንዱ በጥፍር፣ አንዱ በጣት ሥጋ ከሆነማ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ተራ ሲቀያየሩ ሶሎውን የሚጨርሰው በመጨረሻዎቹ ሁለት ባሮች መስመሩን ወደ ታች ክሮች እያወረደ ይምጣ። ቤዙን ሊረከብ እንደሆነ ሌላው በዚያ ያውቃል፤ ጭንቅላት መነቅነቅ አያስፈልግም።

መጨረሻው ኮርድ ላይ ሁለቱም ስድስቱን ክር የመጥረግ ፈተና ይመጣባቸዋል። አንዱ አምስተኛ ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ሲን ብቻ ይያዝ፤ ሌላው አራተኛ ክር 2ኛ፣ ሦስተኛ ክር 2ኛ፣ ሁለተኛ ክር 3ኛ። ሲ ስድስት ዘጠኝ ነው፣ ለሁለት ተከፍሎ። የሚያዳፍነው ቤዙን የያዘው ይሁን፤ ላይኛዎቹ ትንሽ ቆይተው በራሳቸው ይጥፉ።