«ጉሮሮዋ አብጧል» ብዬ የጻፍኩ ቀን

በእንስሳት ጤና ሥራ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ከአዲስ አበባ ወጣ ባለች ከተማ ሦስት ክልስ ላሞች የሚያረቡ እናት ጠሩኝ። አንዷ መኖ ትታለች፣ ወተቷ ቀንሷል፣ የፊት እግሮቿን ከፈት አድርጋ ቆማ ታቃስታለች።

«ልጄ፣ ያበጠው ይኼ የተንጠለጠለው ነው። ጉሮሮዋማ ደህና ነው፣ ውኃም ትጠጣለች» አሉኝ፤ ከአገጯ ሥር ጀምሮ እስከ ፍርምባዋ የሚወርደውን ልል ቆዳ በመዳፋቸው ደግፈው እያሳዩኝ።

ኮሌጅ ያንን ቆዳ «ዲውላፕ» ብለን ነው የተማርነው። በመዝገቡ ላይ በፈረንጅ አፍ መጻፍ አልፈለግሁም፣ የእሳቸውን «የተንጠለጠለው» ደግሞ እንደ ሙያ ቃል አልቆጠርኩትም። ስለዚህ «ጉሮሮዋ አብጧል» ብዬ ጻፍኩ። ለአለቃዬም በስልክ ያንኑ ነገርኳቸው።

«ትኩሳቷስ?»

«39.6 ነው ዶክተር።»

«ጎርርሳ እንዳይሆን! ኦክሲቴትራሳይክሊን ጀምርላት፣ ሌሎቹንም ለይልኝ።»

እሳቸው በሰሙት ቃል ትክክል ነበሩ። ጎርርሳ ተላላፊ የከብት በሽታ ነው፤ ጉሮሮን ያሳብጣል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይገድላል፤ ቆይቶ ማየት የሚባል ነገር የለም። ወሬው ግን በሰፈሩ ተዛመተ። ወተት የሚወስዱት ደንበኞች ቀሩ፣ የእናትዬዋ በር ጭር አለ።

በሦስተኛው ቀን ዶክተር ራሳቸው መጡ። ያበጠውን ቆዳ በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ለቀቁት፤ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። ቆዳው አይሞቅም፣ ላሚቱም አላመማትም። ከዚያ አንገቷን በጎን አዩ፤ ትልቁ የደም ሥር እንደ ገመድ ተወጥሯል። ማዳመጫውን ከግራ ክርኗ ኋላ አድርገው ቆዩና ለእኔ ሰጡኝ። የልብ ምቱ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል፣ መሃሉ ላይ በግማሽ የተሞላ ጀሪካን ሲነቀነቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አለ።

«ይኼ ጉሮሮ ነው?» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ላሚቱ በማግስቱ ሞተች። ስንከፍታት እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ከሆነው የሆዷ ክፍል አንድ ሽቦ ወጥቷል፤ መሃል ጣቴን ያክላል። ያ የሆድ ክፍል ከልብ የሚለየው በስስ የጡንቻ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ሽቦው ግድግዳውን በስቶ የልቧ ሽፋን ውስጥ ገብቷል። ሽፋኑ በሚሸት ፈሳሽ ተሞልቷል። ልብ በፈሳሽ ሲታፈን ወደሱ የሚመለሰው ደም በደም ሥሩ ይጠራቀማል፣ ውኃው ከደም ሥር እየወጣ ወደ ታች ይወርድና ቆዳው ልል በሆነበት ይቀመጣል። እናትዬዋ በመዳፋቸው የደገፉት እሱን ነበር።

ከዚያ ደረጃ የደረሰች ላም ብዙ ጊዜ አትድንም፤ ይህን ለእሳቸውም ሳልደብቅ ነግሬያቸዋለሁ። ዛሬም የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በሽታው ተላላፊ ነው ብለን ሌሎቹን ሁለት ላሞች ለየናቸው እንጂ መኗቸውን አልነካንም። ለሦስት ቀን ከዚያው በሽቦ ታስሮ ከመጣው ድርቆሽ ሲበሉ ነበር። ላም መኖዋን በምላሷ ጠቅልላ ትውጣለች እንጂ እንደ ፍየል አትመርጥም። ገንዳውን ስንፈትሽ ሁለት ቁራጭ ሽቦ አገኘን።

የሥራ መዝገቤ ላይ አሁን ባለቤቱ የተናገረውን በራሱ ቃል በትምህርተ ጥቅስ አስቀድሜ እጽፋለሁ፣ የእኔ ግምት ከሥሩ ይመጣል። ስልክ ከመደወሌ በፊትም «እስኪ እጅዎን ያበጠው ላይ ያድርጉልኝ» እላለሁ።

ሁለቱ ላሞች ደህና ናቸው። እናትዬዋ ከአሮጌ የቴፕ ድምፅ ማጉያ ያወጡትን ማግኔት በእንጨት ጫፍ አስረውታል፤ ጠዋት ጠዋት ድርቆሹን ከመስጠታቸው በፊት በላዩ ያዞሩታል።