ካርድ ልቀይር ብዬ ኬዙን ሙሉ ፈታሁት

እሺ በመጨረሻ የኮምፒውተሬን ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚስለውን) ቀየርኩ። ሁለት ወር ሙሉ ቪዲዮ ሳይ፣ ካርድ ከካርድ ሳወዳድር፣ ሌሊት አልጋ ውስጥ ስልኬ ላይ ዋት ስደምር ነው የከረምኩት፣ አሁን ሳስበው ግን ከዛ ጊዜ ግማሹን እቤት ያለውን ኮምፒውተር ከፍቼ ሳይ ባጠፋው ኖሮ ስንት ራስ ምታት ይቀርልኝ ነበር።

የነበረኝ የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1060 ነው፣ ባለ 6 ጊጋ ሚሞሪው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ካርድ፣ አስቡት። 120 ዋት ብቻ እየበላ ድምፁን ሳያሰማ ይሄን ሁሉ ዓመት ተሸክሞኛል፣ አረጀ እንጂ አልከዳኝም። መጨረሻ አካባቢ ዕድሜውን ያራዘመለት ኤፍኤስአር የሚባል ቴክኒክ ነው፣ የተፎካካሪው የኤኤምዲ ሆኖ ሳለ የኔ ኤንቪዲያ ካርድ ላይም ይሰራል፣ ጌሙን ባነሰ ሪዞሉሽን ይስለውና ያሳድገዋል፣ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ሩቅ ያለ ሽቦና ቅጠል ይንቀጠቀጣል፣ ግን ያጫውታል። ከዛ ግድግዳው ሁሉ ጭቃ የተለቀለቀ የመሰለበት ቀን መጣ። ቴክስቸሩ (ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ምስል) እስኪደርስ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ይመጣል፣ ዞር ብዬ ስመለስ ደሞ ጠፍቷል፣ ቪራሙ፣ የካርዱ የራሱ ሚሞሪ፣ ሞልቶ ነው። አንዳንድ አዲስ ጌም ደሞ ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃን ጨረርን አስልቶ መሳል) በሃርድዌር የማይችል ካርድ ላይ ጭራሽ አይነሳም፣ በ2024 መጨረሻ የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጌም እንደዛ ነው። በቃ ጡረታ።

መጀመሪያ ልቤ ያረፈው የኤኤምዲው አርኤክስ 6700 ኤክስቲ ላይ ነበር። 12 ጊጋ አለው፣ ለ1440ፒ ሪዞሉሽን ራሱ አያንስም፣ ያገለገለ ከተገኘ ደሞ ካቅሜ አይርቅም። ከዛ ዋቱን አየሁ፣ 230። ኤኤምዲ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ሳጥን) ይመክራል፣ የኔ 500 ነው። ጠረጴዛ ስር ተንበርክኬ በስልኬ መብራት የካርድ ገመድ ስቆጥር አንድ ብቻ፣ ባለ 6+2 ፒን፣ እንደ 6ም እንደ 8ም የሚሰካ። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ የማዘርቦርዱ (ሁሉም የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ስሎት ለካርድ እስከ 75 ዋት ይሰጣል፣ ባለ 6 ፒን ገመድ 75፣ ባለ 8 ፒን 150። ስለዚ እኔ ጋ ጣሪያው 225 ነው፣ እሱም ፓወር ሰፕላዩ ጤነኛ ከሆነ። ከሃርድ ዲስክ ገመድ ላይ በማስማሚያ ቀጥለው የሚል ሰው ሁሌ አይጠፋም፣ እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ነገር የሰራ ሰው ቤት እንቅልፍ አይወስደኝም። 6700 ኤክስቲ በዚሁ አለቀለት።

ቀጥሎ አርቲኤክስ 4060። 115 ዋት፣ ከድሮው ካርዴ እንኳን ያነሰ ይበላል፣ ዲኤልኤስኤስ (የኤንቪዲያው ምስል ማሳደጊያ) አለው፣ ፍሬም ጀነሬሽን (በምስሎች መካከል ተጨማሪ ምስል የሚፈጥር) አለው፣ አንድ ገመድ ይበቃዋል። ልከፍል ትንሽ ነው የቀረኝ። ያስቆመኝ ማንም ብዙ የማያወራለት ነገር ነው፣ ሌይን፣ ካርዱ ከኮምፒውተሩ ጋር ዳታ የሚቀባበልበት መስመር። ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ ሲሰካ ስሎቱን ሙሉ ይሞላዋል፣ ውስጡ ግን በ16ቱ ሌይን ሳይሆን በ8ቱ ብቻ ነው የሚያወራው። ፒሲአይ ኤክስፕረስ (የስሎቱ ስታንዳርድ) 4.0 ማዘርቦርድ ላይ ምንም አይደለም። የኔ ቢ450 ነው፣ 3.0፣ እዛ ላይ የእያንዳንዱ ሌይን ፍጥነት በግማሽ ይወርዳል። ቪራሙ እስካልሞላ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሲሞላ ግን የተረፈው ወደ ራም ይሄዳል፣ የሚሄደውም የሚመለሰውም በዛችው ጠባብ መንገድ ነው፣ ጌሙ ጥርት ብሎ እየሄደ በድንገት ቀጥ የሚለው ያኔ ነው። 4060 ደሞ 8 ጊጋ ነው። እኔ ከ1060 የምሸሸው ቪራም ሞላብኝ ብዬ አይደል እንዴ? አርኤክስ 6600ም ያው ነው፣ 8 ጊጋ በ8 ሌይን፣ አሪፍና ርካሽ ካርድ ነው ግን ለኔ በሽታ መድኃኒቱ አይደለም። ከሁሉም የባሰው አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ነው፣ 4 ጊጋ በ4 ሌይን፣ የድሮ ማዘርቦርድ ያላችሁ እሱን ባጠገቡም አትለፉ።

የኢንቴሉ አርክ ቢ580 ለጥቂት ቀን አማልሎኝ ነበር፣ 12 ጊጋ፣ በታኅሣሥ 2024 የወጣ። ግን ሪሳይዘብል ባር (ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሚሞሪ ሙሉውን በአንዴ እንዲያይ የሚያደርግ ሴቲንግ) ካልበራለት አይሆንለትም፣ ደከም ያለ ፕሮሰሰር ላይ ሲሰካ ደሞ ጉልበቱ በጣም ይወርዳል። የኔ ፕሮሰሰር ራይዘን 5 2600 ነው፣ የ2018። ተውኩት።

እንግዲህ የቀረው አርቲኤክስ 3060 ነው፣ ባለ 12 ጊጋው። 16 ሌይን፣ 170 ዋት፣ አንድ ባለ 8 ፒን። 4060ው ይበልጠዋል፣ አልክድም፣ ብዙ ጌም ላይ ፍሬሙ (በሰከንድ የሚሳለው ምስል ብዛት) ከፍ ያለ ነው፣ የኤንቪዲያ ፍሬም ጀነሬሽንም 3060 ላይ የለም። እኔ ግን 15 ፍሬም ተጨማሪ ከማገኝ እንዳይቆራረጥብኝ ነው የምፈልገው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል። 3060 ሁለት ነው። በ2022 መጨረሻ የወጣ ባለ 8 ጊጋ 3060 አለ፣ ካርቶኑ ላይ ያው 3060 ነው የሚለው፣ ግን ሚሞሪው ብቻ አይደለም የተቀነሰው፣ የሚሞሪ ባሱም (ሚሞሪው ዳታ የሚያሳልፍበት ስፋት) ከ192 ቢት ወደ 128 ወርዷል፣ ስለዚ ራሱ ቀርፋፋ ነው። በ1060 ጊዜም እንዲሁ ነበር፣ ባለ 3 ጊጋው 1060 ኮሮቹም ከባለ 6 ጊጋው ያነሱ ነበሩ። አንዱ ሻጭ "3060 ንፁህ፣ ብዙ ያልተሰራበት" ብሎ የካርዱን ፎቶ ከፊትም ከኋላም ላከልኝ፣ ጂፒዩ-ዚን (የካርዱን ዝርዝር የሚያሳይ ፕሮግራም) ከፍተህ የስክሪኑን ፎቶ ላክልኝ አልኩት፣ ምን ያደርግልሃል አለ፣ ብቻ ላክልኝ አልኩ፣ በማግስቱ ላከ፣ 8192 ሜጋ፣ 128 ቢት። አልዋሸም እኮ፣ 3060 ነው ያለው 3060 ነው። ሁለተኛው ሰው ግን ሳልጠይቀው የጂፒዩ-ዚውን ፎቶ ከነሙቀቱ ልኮ ነበር፣ ከሱ ገዛሁ።

ሜትርም ያዙ። የኔ ኬዝ ውስጥ ከኋላው ግድግዳ እስከ ሃርድ ዲስክ ማስቀመጫው 27 ሴንቲ ነው፣ ባለ ሦስት ፋኖቹ ካርዶች ብዙዎቹ ከ30 ያልፋሉ። ባለ ሁለት ፋን ወሰድኩ፣ ገባ፣ ገመዱን ለማጠፍ ሁለት ጣት ክፍተት ተረፈኝ። ድራይቨሩ ያው የኤንቪዲያ ስለሆነ አዲሱን ላዩ ላይ ጫንኩ፣ ምንም አላስቸገረም።

ከዛ ጌም ከፈትኩ። ግድግዳው ግድግዳ መሰለ፣ ደስ አለኝ። ፍሬሙ ግን... ጨመረ እንጂ ያሰብኩትን ያህል አይደለም። አፍተርበርነርን (ካርዱ ምን ያህል እየሰራ እንደሆነ የሚያሳይ ፕሮግራም) አብርቼ ሳይ ካርዱ 60 በመቶ ላይ ነው ያለው። ካርድ ሙሉ ጉልበቱን ሲሰጥ 97፣ 98 ነው የሚያሳየው፣ 60 ማለት ቁጭ ብሎ ፕሮሰሰሩን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ሴቲንግ ዝቅ ባደርግ ንቅንቅ የለም፣ ያው ፍሬም። ያን ቀን የተናደድኩትን አልነግራችሁም።

ግን ኬዙ ክፍት ስለነበር ዓይኔ ራሙ ላይ አረፈ። ሁለቱ ራም ጎን ለጎን፣ አንደኛና ሁለተኛው ስሎት ላይ። ራሴ ነኝ የሰካኋቸው፣ ከዓመታት በፊት፣ ተጠግተው ሲቀመጡ ያምራሉ ብዬ! ባለ አራት ስሎት ማዘርቦርድ ላይ እነዛ ሁለቱ አንድ ቻናል ናቸው፣ አንድ መንገድ ይጋራሉ፣ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛና አራተኛው ላይ ነው መሆን ያለባቸው። ባዮስ (የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ገብቼ ሳይ ደሞ ኤክስኤምፒው (ራሙን በተሰራበት ፍጥነት የሚያስኬደው ሴቲንግ) ጠፍቶ ባለ 3200ው ራም በ2400 እየሄደ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት። ነቅዬ ቦታ ቀየርኩ፣ ኤክስኤምፒውን አበራሁ፣ ካርዱ 80ዎቹ ውስጥ ገባ፣ ፍሬሙም አብሮ ወጣ። አንድ ሳንቲም ሳላወጣ። ቀሪው የፕሮሰሰሩ ነው፣ ባዮሱን አድሼ እዛው ሶኬት ላይ ራይዘን 5 5600 ለማስገባት ቀስ እያልኩ ነው።

1060ውን አቧራውን አራግፌ ፌስታል ውስጥ አስቀምጬው ነበር፣ ታናሽ ወንድሜ ሰምቶ ደወለ፣ "ለኔ አትሰጠኝም?" አለኝ። ፓወር ሰፕላይህ ላይ ባለ 6 ፒን ገመድ አለ ወይ አልኩት።

"ምንድነው እሱ?"

ኬዙን ክፈተውና ፎቶ ላክልኝ አልኩት፣ እስካሁን አልላከም።