ባለ 40 ቆርቆሮ ቤት

እናቴ የጎጃም ሰው ናት፤ እኔ ግን መርካቶ ተወልጄ እዚያው የግንባታ ዕቃ እየሸጥኩ የምኖር ነኝ። ከብቸና ወጣ ብሎ ያለውን የእናቴን አገር በረዶና አውሎ ነፋስ መታው ተብሎ አዲስ አበባ ያሉ ተወላጆች ገንዘብ አዋጡ። ቆርቆሮና ሚስማሩን ከእኔ ሱቅ ገዙ። ከዚያ «አንተው ቆጥረህ አስረክብ» ብለው ከሹፌሩ ጎን አስቀመጡኝ። ጥቅምት ነበር፤ መንገዱም ያኔ ሰላም ነበር።

እስከ ጎሃ ጽዮን ተኛሁ። አባይ በረሃ ስንወርድ የፍሬኑ ሽታ ቀሰቀሰኝ። ታች ጃፓኖች በእርዳታ የሠሩትን የህዳሴ ድልድይ ተሻግረን ወደ ደጀን ያለውን ዳገት ስንያያዝ ጭነቱ ከብዶን ሰው በእግሩ የሚቀድመን መሰለኝ። ደጀን አደርን። ለአልጋ 250 ብር ከፈልኩ፤ ውኃው በጆግ ነው፣ ቁንጫው ግን ያለ ልክ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጫኝና አውራጅ ሲጯጯህ መተኛት የለመድኩ ሰው ነኝ፤ ቁንጫ ላይ ግን ትዕግሥት የለኝም። ጠዋት ለባለቤቷ ብነግራት «ከመኪናችሁ ይዛችሁት መጥታችሁ ይሆናል» አለችኝ።

መንደሩ ስንደርስ መጀመሪያ ያየሁት ጣሪያውን ነው፤ የሙያ ነገር ነው። እዚያ የቤት ስፋት የሚነገረው በቆርቆሮ ቁጥር ነው፤ ባለ 40 ቆርቆሮ ቤት፣ ባለ 60 ቆርቆሮ ቤት ይባላል። ነፋሱ የገባው በክፈፉ በኩል ነው። ከግድግዳው ወጣ ብሎ የተንጠለጠለውን ጠርዝ ከሥር አንስቶ እስከ አናቱ ገሽልጦታል። አብዛኛው ባለ 35 ጌጅ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፣ ግን ርካሽ ስለሆነ ገበሬው የሚገዛው እሱን ነው። ሚስማሩም ተቆጥቦ፣ ከቆርቆሮው ሞገድ አንድ እየዘለለ የተመታ ነው። እኛ ያመጣነው ባለ 32 ነበር። ከቆርቆሮው ይልቅ ግን ክፈፉን ከማገሩ ጋር የሚያስር ሽቦ አለመጫናችን ቆጨኝ። ደግነቱ ወጣቶቹ ከወደቀ አጥር ሽቦ እየፈቱ አሰሩት። በደቦ ነው የሠሩት፤ በአንድ ቀን ሦስት ቤት ሲከድኑ አይቻለሁ። መርካቶ ቢሆን ለመሰላሉ ብቻ ክራይ እንከፍላለን።

ማሳውን ማየት ከበደኝ። እሸት ሊሆን ጥቂት የቀረው ጤፍ መሬት ላይ ተለጥፎ ጭቃ ለብሷል። ያም ሆኖ ሰው ለእርዳታ አይሰለፍም። ጎጃም ሲመግብ እንጂ ሲመገብ የማያውቅ አገር ነው። ሴፍቲኔት የሚባለው የመንግሥት የእርዳታ ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር አብዛኛው ወረዳ ትርፍ አምራች ተብሎ አልገባበትም። ስለዚህ መዝገብ ላይ ስም ማስጻፍ ራሱ ነውር ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ስም ሲጠራ አንድ አዛውንት «እኔን ተዉኝ፣ መጀመሪያ ለባልቴቶቹ» ብለው ወደ ኋላ ሸሹ፤ ቤታቸው ግማሹ ክፍት ነው። ከእህሉ ይልቅ ቆርቆሮውን መቀበል ሳይቀላቸው አልቀረም፤ ስንዴ ሲሰፈርልህ ጎረቤት ያያል።

ስንዴውን ያመጣው ሌላ አካል ነው። በአገሩ የተለመደው ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው፤ አምስት ሰው ላለው ቤተሰብ 75 ኪሎ እህል መሆኑ ነው። ለዚህ ማንም አላጉረመረመም። ያናደዳቸው የስንዴ ዘር ነው። በሰኔና በሐምሌ የሚዘራ ነገር በጥቅምት ምን ይሠራል? መድኃኒት የተቀባ ስለሆነ ለወፍጮም አይሆንም። ጆንያዎቹ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተደርድረው ፎቶ ተነስተዋል፣ ከዚያ ወዲያ የነካቸው የለም።

የምታሳድረኝ ሴት ምን ይሻል እንደነበር ስትነግረኝ በጣቷ እየቆጠረች ነው። «ይኸ ዋልካ ነው ልጄ፣ ክረምቱን የጠጣውን ውኃ ገና አልጨረሰም። አሁን ሽምብራ ብንዘራበት በርጥበቱ ይደርሳል። ጓያም ይሆናል፤ ጓያ ግን ብቻውን ሲበሉት ከከረሙ እግር ይሰብራል፣ ለልጆቼ አልፈልገውም። ዘሩ ግን በበረዶው ማግስት ነበር መምጣት ያለበት።» ከእሷ ዘንድ ተቀምጬ ሳለሁ አረርቲ የሚባለውን የሽምብራ ዘር አንድ ማኅበር ሊያመጣ ነው የሚል ወሬ መጣ። ሰው ሁሉ ቆርቆሮውን ትቶ ስለ እሱ ማውራት ጀመረ። እኔም በልቤ ቅር አለኝ፤ ያን ያህል መንገድ የመጣሁት ከቆርቆሮ ጋር ነዋ።

ያቺ ሴት ራሷ በሸራ ሥር እየኖረች እግሬን በሞቀ ውኃ አጠበችልኝ። «ኧረ እማማ ይቅር» ብላትም «እንግዳ አይደለህ?» ብላ አስቀመጠችኝ። ራት እንጀራ በሽሮ ነበር፤ እንጀራው ካምና ከተወቃው ጤፍ ነው። አዲስ አበባ ሰርገኛ እየተባለ ከምንገዛው ጋር አይገናኝም። ሌሊቱ ግን እንደ ቀኑ አልነበረም፤ ሸራው በነፋስ ሲጮህ፣ የጮቄ ተራራ ብርድ በሥሩ ሲገባ እንቅልፍ የሚባል አልነበረም። ልጆቹ ግን ያንኮራፉ ነበር።

በመመለሻው ሹፌሩ ባዶ መኪናውን የባሕር ዛፍ አጠና ሞላበት። የደርሶ መልስ ከፍለነዋል እኮ! ከደጀን እስከ ፍቼ ተጨቃጨቅን። እሱ «የነዳጅ ነው» ይላል፣ እኔ «የተዋጣ ገንዘብ ነው» እላለሁ። ፍቼ ቁርስ ላይ 500 ብር ጠረጴዛው ላይ ጣለልኝ። ለሚቀጥለው ጭነት በሽቦ ሂሳብ መዝግቤያታለሁ።