ለሰፈር ልጆች ወረቀት ማጠፍ ሳስተምር፦ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት

ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ የሰፈሩ ልጆች በረንዳዬ ላይ መዋል ጀመሩ። የደብረ ማርቆስን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ ከያዘ ሜዳ ወጥቶ መጫወት የለም። እኔ ኦሪጋሚ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛልና ለምን አላሳያቸውም ብዬ ተነሣሁ። (በጃፓንኛ «ኦሪ» ማጠፍ፣ «ካሚ» ወረቀት ነው።) በ6 ልጆች ጀምረን አሁን 11 ደርሰናል። ትንሹ 6፣ ትልቋ 12 ዓመቷ ነው። ይህንኑ ለመጀመር የምታስቡ ወላጆችና መምህራን ስላላችሁ የሆነልኝንም ያልሆነልኝንም ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ የቸገረኝ ወረቀቱ ነው። ያለቀ ደብተር እየገነጠልኩ ሰጠኋቸው። የደብተር ወረቀት ስስ ስለሆነ በቀላሉ ይታጠፋል፤ ልጅ ግን ይሳሳታል፣ ይፈታል፣ መልሶ ያጥፋል፤ ሦስተኛው ላይ እጥፋቱ ተቀደደ። ከዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ባለ80 ግራም ኤ ፎር ገዛሁ። ኤ ፎር 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። አንዱን ማዕዘን ሰያፍ አጥፋችሁ ትርፉን ስትቆርጡት እኩል በእኩል የሆነ 21 በ21 ይወጣላችኋል፤ 8.7 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭም ይተርፋል። ቁራጩን አትጣሉት፣ ኋላ እመጣበታለሁ። ይህ ወረቀት ለጀልባ፣ ለባርኔጣና ለውሻ ፊት ጥሩ ነው። እጥፋቱ ለሚበዛ ሥራ ግን ይወፍራል፤ አንድ ወረቀት 5 ጊዜ እላይ በላይ ሲታጠፍ 32 ድርብ ይሆናል፣ የልጅ ጣት አይችለውም። ለዚያ የስጦታ መጠቅለያ ወረቀት ይሻላል። አንድ ፊቱ ባለቀለም፣ ሌላው ነጭ ስለሆነ «ነጩን ወደ ላይ» ሲባሉ ቶሎ ይገባቸዋል።

የክረምቱን እርጥበት ደግሞ አልጠረጠርኩትም ነበር። በረንዳ ላይ ያደረ ወረቀት ይለሰልሳል፤ በጥፍር ብትጫኑትም እጥፋቱን አይዝም። አኪራ ዮሺዛዋ (እ.ኤ.አ. 1911–2005) የተባለው ትልቁ የጃፓን ኦሪጋሚ ባለሙያ ወረቀቱን ሆን ብሎ እያረጠበ ነበር የእንስሳቱን ገላ ሞላ፣ ክብ አድርጎ የሚያወጣው። ለዚያ የሚሆነው ግን ወፍራም ወረቀት ነው። የእኛን ስስ ወረቀት በፌስታል ጠቅልዬ ቤት ውስጥ ማሳደር ከጀመርኩ ወዲህ ችግሩ ቀረ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንድ የ7 ዓመት ልጅ ጫፍ ከጫፍ ማገናኘት አቃተው። «ጫፉን ከጫፉ ጋር» እላለሁ፣ ያጥፋል፣ ይንሻፈፋል። ወረቀቱን እየተቀበልኩ አስተካክልለት ነበር፤ እሱም ልምድ አድርጎት ገና ሳያጥፍ ወረቀቱን ወደ እኔ መዘርጋት ጀመረ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ገባኝ። አንድ ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል ከገመድ ላይ ጋቢ ላወርድ ተነሣሁና «ና ያዝልኝ» አልኩት። ሁለቱን ጫፍ ያዘ፣ ወጠረው፣ እጆቼን እያየ ወደ እኔ መጣና ጫፉን ከጫፌ ገጠመው። ከዚያ «እትዬ፣ እንዳይለቁት!» ብሎ ጎንበስ አለና እጥፋቱን ከታች አንሥቶ ወደ ኋላው ተመለሰ። እናቱን ሲያግዝ ስንት ጊዜ ሠርቶት ኖሯል! ወዲያው ወረቀት ሰጠሁትና «ይኸ ትንሽ ጋቢ ነው፤ መጀመሪያ ጫፉ ይያዝ፣ ሳይያዝ አይታጠፍም» አልኩት። በግራ ጣቱ ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ ተጭኖ ያዘ። ቆየ። ከዚያ በቀኝ ጣቱ ከመሃል ወደ ዳር፣ እንደገና ከመሃል ወደ ሌላው ዳር ጫነው። ቀጥ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጅ ወረቀት አልነካም። የራሴን ወረቀት ይዤ አጠገባቸው አጥፋለሁ፤ የተሳሳተው ፈትቶ ያጥፋል። ጊዜ ይወስዳል። ሐምሌን ሙሉ ከ4 ሥራ አላለፍንም፤ አልቆጨኝም።

የእጥፋት ስምም ያስቸግራል። በመጻሕፍቱ ላይ ወደ ውስጥ የሚታጠፈው በቁርጥራጭ መስመር፣ ወደ ውጭ የሚታጠፈው በመስመርና በነጥብ ይታያል፤ መላው ዓለም ዛሬ የሚሠራበት ይህ የምልክት ዘዴ መነሻው ዮሺዛዋ ነው። ላላነበበ ልጅ ግን ምልክት ምን ይነግረዋል? እኔ ወደ ታች የሚሰምጠውን በሸለቆው ስም «ዓባይ»፣ ጀርባው ወደ ላይ የሚቆመውን በተራራው ስም «ጮቄ» አልኩት። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን በመኪና የወረዱት ልጆች ላልወረዱት በእጃቸው አሳዩአቸው። «ዓባይ!» ስል 11 ወረቀት አንድ ላይ ይሰምጣል። አንዷ ታዲያ ወረቀቷን ገልብጣ ዝም ብላ አየችውና «እትዬ፣ ሲገለበጥ ዓባዩ ጮቄ ሆነ!» አለችኝ። ይህን እኔ ላስተምራት አልነበረም።

ማስጌጡን ነሐሴ ላይ ጀመርን። የ9 ዓመት ልጅ የወረቀት ቀሚስ ልትሠራ ፈለገችና በወረቀቱ የታችኛው ጠርዝ ላይ የእናቷን ቀሚስ ጥለት አስመስላ ቢጫና አረንጓዴ መስቀል በመስቀል ሳለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ቀና አላለችም። አጥፋ ስትጨርስ ጥለቱ የለም፤ ገና በመጀመሪያው እጥፋት ወደ ውስጥ ገብቷል። በአንገቱ ቀዳዳ አጮልቃ ፈለገችው። ሆዴን በላኝ፤ አስቀድሜ ልነግራት ይገባኝ ነበር።

አሁን እንዲህ እናደርጋለን። መጀመሪያ ሳይጌጥ አጥፈው ይጨርሱታል። በውጭ የሚታየው ፊት ሁሉ ላይ በእርሳስ ነጥብ ያደርጋሉ፣ ከነጥቡ አጠገብም ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት። ከዚያ ፈትተው ዘርግተው ነጥብ ባለበት ብቻ ይስላሉ። ቀስቱን አትርሱ፤ ሲዘረጋ አንዳንዱ ፊት ተዘቅዝቆ ስለሚገኝ ያለ ቀስት የሳለ ልጅ ሰውየው በጭንቅላቱ ቆሞ ይጠብቀዋል። እጥፋቱ አስቀድሞ ስላለ ዳግመኛ ሲያጥፉት ወረቀቱ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። ከቀለም ደግሞ ባለ እርሳሱ ከለር ይበልጣል። ማርከር ወደ ጀርባ ያልፋል። ክሬዮን ሰም ስለሆነ እጥፋቱ ላይ ይላጣል። የውሃ ቀለም ወረቀቱን ያጨማድደዋል፤ ከደረቀ በኋላ ከከባድ መጽሐፍ ሥር ካላደረ አይስተካከልም። ልጅቷ ቀሚሷን እንደገና ሠራችው፤ ጥለቱ ከታች ዙሪያውን ወጣላት።

ለእንቁጣጣሽ ወንዶቹ ስዕል ስለው ለጎረቤት የሚያድሉትን ዘንድሮ በወረቀት አበባ እናድርገው አልን። አንድ አበባ 5 ትንንሽ እኩል በእኩል ወረቀት ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ አንድ ቅጠል ሆኖ በማስቲሽ ይያያዛል። ከአንድ ቢጫ ኤ ፎር 10.5 በ10.5 የሆኑ 4 ይወጣሉ። «ለ24 አበባ ስንት ወረቀት እንግዛ?» ብዬ ሂሳቡን ለእነሱ ተውኩላቸውና 30 ብለው ደረሱበት። አንዱ ግን ሜዳ ሄዶ እውነተኛ አደይ ቀጥፎ አመጣና ቅጠሉን ቆጠረልኝ፦ 8! ልክ ነህ ብዬ በ8 ሞከርን፤ መሃሉ ተጣቦ አልከፈት ስላለ በ5 ቀጠልን። ማስቲሹ እስኪደርቅ በልብስ መቆንጠጫ መያዝ ግድ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 3 አበቦች የተበተኑብን ለዚህ ነው።

ያ 8.7 ሴንቲ ሜትር ቁራጭስ? ጥቅምት ላይ ጥቅም አገኘንለት። 21 ሴንቲ ሜትሩን በ3 እናጥፈዋለን፣ አንዴ ዓባይ አንዴ ጮቄ። ሁለት ቁራጭ አንድ ገጽ በአንድ ገጽ ላይ ደርበን ስናጣብቅ የሚዘረጋ ባለ5 ገጽ መጽሐፍ ይሆናል። የአንዱ ልጅ አያት መሪጌታ ናቸው፤ ልጁን ሊወስዱ መጥተው መጽሐፉን ሲያዩ «ይኸማ ሰንሱል ነው» አሉ። የድሮ አባቶች ብራናን እንዲሁ እያጠፉ በየገጹ ቅዱሳንን ይስሉበት እንደነበር ለልጆቹ ቁጭ ብለው ነገሯቸው። ስሙም ከሰንሰለት ጋር የሚዛመድ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስቱ ልጆች በሽፋኑ ላይ ሐረግ ስለው መጡ፤ አንዱ እንደውም በቀይና በጥቁር እስኪርቢቶ ብቻ።

አሁን ትልልቆቹ ጃፓኖች «ቱሩ» የሚሏትን ወፍ ይዘዋል፤ እኛ ሽመላ እንላታለን። ክንፏን እስከ መዘርጋት ደርሰዋል፣ አንገቷ ላይ ይቸገራሉ። የጋቢው ልጅ ገና 7 ዓመቱ ስለሆነ እኔ አልሰጠሁትም ነበር፤ ከጎናቸው ቁጭ ብሎ እያየ በራሱ ጀመራት። ትናንት አንገቷን ሦስት ጊዜ ፈትቶ አጠፋት። ወረቀቱን ግን ወደ እኔ አልዘረጋም።