ወርዋሪውን ማን አስወጣው?

የዋሽንግተኑ የቤዝቦል ቡድን ናሽናልስ ለ2026 የውድድር ዘመን አዲስ ማናጀር ቀጥሯል። ብሌክ ቡተራ ይባላል፤ ሲቀጠር 33 ዓመቱ ነበር። በትልቁ ሊግ አንድም ጨዋታ ተጫውቶ አያውቅም። የቀጠረው የቡድኑ የቤዝቦል ኃላፊ ፖል ቶቦኒም ያኔ ገና 35 ዓመቱ ነው። አብረውኝ ጨዋታ የሚያዩ ጓደኞቼ «ልጅ ልጅን ሾመ» ብለው አዘኑ። እኔ በዕድሜው ብዙም አልተጨነቅሁም። ሲከነክነኝ የሰነበተው ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ሰው በራሱ የሚወስነው ምን ቀረለት?

ቤዝቦል ለማያይ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ማናጀር የሚባለው በእግር ኳስ አሰልጣኝ የምንለው ነው። ማን እንደሚሰለፍና ማን በስንተኛ ተራ እንደሚመታ የሚናገረው እሱ ነው። ትልቁ ሥራው ግን ኳስ ወርዋሪውን መቼ እንደሚያስወጣ ማወቅ ነው። የወርዋሪ ክንድ ይደክማል። መቺዎቹም ደጋግመው ሲያዩት አካሄዱን ይለምዱታል። አንዴ ከወጣ ደግሞ ተመልሶ መግባት የለም። «ይበቃሃል» የምትለዋ ቃል ስንት ጨዋታ አበላሽታለች፣ ስንቱንም አድናለች።

ድሮ ያቺ ቃል የአንድ ሰው ነበረች። ኮኒ ማክ የፊላደልፊያ አትሌቲክስን ከ1901 እስከ 1950 እ.ኤ.አ. መራ (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ሃምሳ ዓመት! ሌሎች ማናጀሮች እንደ ተጫዋቾቹ ማሊያ ሲለብሱ እሱ ሙሉ ልብሱን ከነከረባቱ ለብሶ ይቀመጥ ነበር። የክለቡ ባለድርሻ ስለነበረም የሚነካው አልነበረም። ከእኛ ከዋሽንግተን የአንድ ሰዓት መንገድ በምትርቀው ባልቲሞር ደግሞ ማናጀሩ ኧርል ዊቨር ነበር። ማን የማንን ኳስ በደንብ እንደሚመታ በካርድ ላይ አስጽፎ ይይዛል። ኮምፒውተር ዱጋውት (ቡድኑ የሚቀመጥበት የሜዳ ዳር መጠለያ) ባልደረሰበት ዘመን ቁጥር ይቆጥር የነበረ ሰው ነው። ካርዱ ግን የራሱ ነው። ሲፈልግ ያምነዋል፣ ሳይፈልግ ይተወዋል። ከዳኛ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥሞ ሲጮህ የተቀረጹትን ምስሎች ዛሬም እየፈለግሁ አያለሁ። ከ90 ጊዜ በላይ ከሜዳ ተባሯል።

አሁን ካርዱ የሚመጣው ከላይ ነው። ከ2015 ጀምሮ በየስታዲየሙ የተተከሉት መሣሪያዎች የእያንዳንዱን ኳስ ፍጥነትና ሽክርክሪት ይለካሉ። ክለቦቹ የሒሳብና የፊዚክስ ሰዎችን፣ ፕሮግራመሮችን ቀጠሩ። ጨዋታው ሳይጀመር ስብሰባ አለ። የትኛው ወርዋሪ ለየትኛው መቺ እንደሚሆን፣ እስከ ስንተኛው መቺ እንደሚቆይ አስቀድሞ ይጠናል። ማናጀሩ ወደ ሜዳ የሚወጣው ይህን ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞ ነው።

በዚህ ጉዳይ ሁሌም የሚመላለስብኝ የጥቅምት 27፣ 2020 ማታ ነው። የዓለም ዋንጫ የሚሉት የፍጻሜ ውድድር ስድስተኛ ጨዋታ፣ አርሊንግተን ቴክሳስ። ታምፓ ቤይ ሬይስ የሎስ አንጀለሱን ዶጀርስ 1 ለ 0 እየመራ ነው። ብሌክ ስኔል የሚባለው ወርዋሪያቸው ያን ማታ የሚቀመስ አልነበረም። ዘጠኝ መቺ በባዶ መልሷል። ሙኪ ቤትስ፣ ኮሪ ሲገርና ጀስቲን ተርነር፣ የዶጀርስ የመጀመሪያዎቹ ሦስት መቺዎች፣ ስድስት ጊዜ ገጥመውት ስድስቱንም ጊዜ ባዶ ተመልሰዋል። በስድስተኛው ኢኒንግ፣ ማለትም በስድስተኛው የጨዋታው ክፍል፣ አንድ ተራ ምት ተመታችበት። የወረወረው ገና 73 ኳስ ነው። ማናጀሩ ኬቨን ካሽ ከዱጋውት ወጥቶ ወደ እሱ መራመድ ጀመረ። ስኔል ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። ኳሷን ተቀበለው። አዲስ ወርዋሪ ገባ። ቤትስ ወዲያው መታ፣ በዚያው ኢኒንግ ሁለት ነጥብ ገባ። ዶጀርስ 3 ለ 1 አሸንፎ ከ1988 ወዲህ ያላገኘውን ዋንጫ ወሰደ።

ካሽ ከጨዋታው በኋላ ማይክ ፊት ቀረበ። እነ ቤትስ ስኔልን ለሦስተኛ ጊዜ እንዲያዩት እንዳልፈለገ አስረዳ። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ መቺዎች አንድን ወርዋሪ በሦስተኛው ዙር የተሻለ እንደሚመቱ በብዙ ሺህ ጨዋታ ታይቷል። ካሽ ራሱ አያምንበትም ነበር ማለቴም አይደለም። በትንሽ ደሞዝ የሚተዳደረው ታምፓ ቤይ እዚያ የደረሰው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። ግን ያን ማታ ሜዳው ላይ የቆመውን ስኔልን ያየ ሰው እንዴት ያስወጣዋል? እኔ እስካሁን አልተዋጠልኝም።

ከዚያ በፊት የሆነውን ደግሞ እዩ። በ2003 የቦስተኑ ማናጀር ግሬዲ ሊትል ቦስተን የኒው ዮርኩን ያንኪስ 5 ለ 2 ሲመራ ወርዋሪውን ፔድሮ ማርቲኔዝን በስምንተኛው ኢኒንግ አላስወጣውም። ፔድሮ ሊቅ ነበር፤ ክንዱ ግን ደክሟል። ሊትል ተጫዋቹን አመነ፣ ያንኪስ አቻ ሆነ፣ በ11ኛው ኢኒንግ የያንኪሱ አሮን ቡን ጨዋታውን ጨረሰው። ሊትል ሥራውን አጣ። ቁጥሩን የሰማውም ተወገዘ፣ ልቡን የሰማውም ተባረረ። ቡን ዛሬ ራሱ የያንኪስ ማናጀር ሆኖ በየማታው ይሄንኑ ጥያቄ ይጋፈጣል።

እኔ በሥራ ቦታዬ የፈረቃ ተቆጣጣሪ ነኝ። ማን በየትኛው ሰዓት እንደሚገባ የሚደለድለው ኮምፒውተር ነው። የሚያስተካክሉት ሰዎችም ቢሮ ናቸው፣ ከሠራተኛው ጋር አይተያዩም። ልጇን ከትምህርት ቤት የምታወጣላት ሰው የጠፋባት እናት የምትመጣው ግን ወደ እኔ ነው። «ወንድሜ፣ ምን ላድርግ?» ትለኛለች። ድልድሉን እኔ አላወጣሁትም ብላት ምን ይጠቅማታል? ለዚህ ነው ካሽ ማይክ ፊት ሲቀመጥ አንጀቴን የበላው።

አንዳንዱ «እንግዲያው ማናጀር አሻንጉሊት ሆኗል» ይላል። አልስማማም። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ የቺካጎው ካብስ በ2023 ለማናጀሩ ለክሬግ ካውንሰል ለአምስት ዓመት 40 ሚሊዮን ዶላር አይከፍልም ነበር። 162 ጨዋታ በስድስት ወር ውስጥ፣ ማታ ማታ፣ ከከተማ ከተማ እየበረሩ! 26 ወጣቶችን በዚያ ሁሉ ውስጥ ሳይጣሉና ሳይሰለቹ ይዞ የሚዘልቅ ኮምፒውተር አልተሠራም። የናሽናልስ ማናጀር የነበረው የኛው ዴቭ ማርቲኔዝ ይህን አሳይቶናል። በ2019 ቡድኑ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ሲጀምር ሁሉም ይባረር አለ። መስከረም ላይ ልቡን ታሞ ሆስፒታል ገባ። ተመልሶ መጣና ፍጻሜ ደረሱ። በሂዩስተን ስድስተኛው ጨዋታ ላይ ዳኛው የኛን ተጫዋች ትሬ ተርነርን ያለ አግባብ «ተቃጥለሃል» አለው ብሎ እንደ እብድ ሆነ፤ ረዳቱ አቅፎ ሊይዘው ሲታገል አይቻለሁ። ከሜዳ ተባረረ፣ ልጆቹ ግን አሸነፉለት። በማግስቱም ዋንጫውን አነሱ። እሱም በ2025 ሐምሌ ላይ ተሰናበተ።

ያ ቁጣ ራሱ ቦታ እያጣ ነው። ከ2014 ጀምሮ አከራካሪ ውሳኔ በቪዲዮ ይታያል። ለ2026 ደግሞ የተወረወረችው ኳስ መቺው ፊት ባለው ልክ ቦታ ማለፍ አለማለፏን በመሣሪያ ማስመርመር ተፈቅዷል። መጠየቅ የሚችሉት ወርዋሪው፣ ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳሷን የሚቀበለው ያዥና መቺው ብቻ ናቸው። ማናጀሩ አይችልም። ለፍትሕ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ዊቨር ግን ዛሬ ቢኖር በምን ይጮህ ነበር?

ደስ የማይለኝ ሥልጣኑ ተከፋፍሎ ተጠያቂነቱ አለመከፋፈሉ ነው። ዱስቲ ቤከር እዚሁ ዋሽንግተን ማናጀር ሆኖ በ2016 95፣ በ2017 97 ጨዋታ አሸነፈ፤ በሁለቱም ዓመት ምድቡን መራ። በጥሎ ማለፉ ስለተሸነፈ ውሉ አልታደሰም። በ2022፣ በ73 ዓመቱ፣ ከሂዩስተን ጋር ዋንጫ ሲያነሳ እዚህ ቤቴ ሆኜ አጨበጨብኩለት። የጎደለበት ዕውቀት አልነበረም።

ቡተራን በተመለከተ የምመኘው ይህን ነው። ወርዋሪ አስወጥቶ በተሸነፈ ማታ፣ ዕቅዱን አብረው ያወጡት ሰዎች ከጎኑ ይቀመጡ። ቶቦኒም ይምጣ፣ የቁጥሩ ባለሙያም ይምጣ፣ ጋዜጠኛው ይጠይቃቸው። ሲያሸንፉማ ፎቶው ላይ አብረው አሉ።